ከስሪ ላንካ የመጣው ቢላ፦ ጌጡን ትተህ መገጣጠሚያውን እይ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል። «ዱባይ ነው የምሠራው። ለዓመታት አብሮኝ የሠራ የስሪ ላንካ ሰው ጡረታ ወጥቶ አገሩ ሲገባ በጨርቅ የተጠቀለለ ቢላ ሰጠኝ። የአባቴ ነበር አለኝ። ስለቱ አጭርና ወፍራም ነው። ወደ እጀታው በኩል ነሐስና ብር ተሠርቶበታል። እጀታው ነጭ ነው፤ አጥንት ይሁን የዝሆን ጥርስ አላወቅሁም። የእንጨት ሰገባው ጎን ላይ ደግሞ ቀጭን ባዶ ቦይ አለ። ምንድን ነው? ጌጥ ነው መሣሪያ? ጥንታዊ ነው? እንዴት ላጽዳው? ይዤው አገር ቤት ልግባ?»

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ። እስካሁን ካልነካካኸው አትነካካው። ሎሚ፣ ኮካ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሁሉም ይቅርብህ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግርሃለሁ።

ከገለጻህ የያዝከው የሲንሃላዎች «ፒሃ ኬታ» ይመስላል። ሲንሃላ በስሪ ላንካ ብዙውን ቁጥር የያዘው ሕዝብ ነው። ቢላው በተለይ የሚያያዘው ከካንዲ መንግሥት ጋር ነው። ካንዲ በደሴቲቱ መሀል በተራራ የተከበበች ከተማ ናት። ፖርቱጋሎች በ1505 እዚያ ደረሱ፤ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ። ከነሱ በኋላ ሆላንዶች፣ ከ1796 ጀምሮ ደግሞ እንግሊዞች መጡ። ፈረንጆቹ የባሕር ዳርቻውን ሲቀባበሉት ካንዲ ተራራዋ ላይ የራሷን ንጉሥ አንግሣ ኖረች። እጇን የሰጠችው በ1815 ነው። ያውም የገዛ መኳንንቷ ከንጉሡ ጋር ተቃቅረው ከእንግሊዝ ጋር ስለተስማሙ ነው። የመጨረሻው ንጉሥ ስሪ ዊክራማ ራጃሲንሃ ወደ ሕንድ ተግዞ እዚያው ሞተ። አሁን በየሙዚየሙ የምናያቸው ጥሩ ጥሩ ቢላዎች አብዛኞቹ የዚያ ቤተ መንግሥትና የመኳንንቱ ናቸው።

ጌጥ ነው መሣሪያ ላልከው፣ የሹም ቢላ ነው ብልህ ይሻላል። የሲንሃላዎች ጎራዴ ሌላ ነው። ካስታኔ ይባላል፤ የእጀታው ጫፍ የአንበሳ ወይም የተረት አውሬ ራስ ሆኖ ይቀረጻል። ገበያ ላይ ሁለቱን የሚያምታታ ነጋዴ ሞልቷል። ፒሃ ኬታ አጭር ነው። ስለቱ ብዙውን ጊዜ ከ13 እስከ 20 ሴንቲሜትር ነው። ጀርባው ወፍራምና ቀጥ ያለ፣ የሚቆርጠው ጎኑ ሆዱ ወጣ ያለ ነው። ሹሙ መቀነቱ ላይ ሻጥ ያደርገዋል። ንጉሥም ለሚወደው ሰው ይሸልመዋል። ሰው ገና በሩቅ ሲያየው ማን እንደሆነ ያውቃል ማለት ነው። ግን ለይምሰል ብቻ አልነበረም። ለዚህ ምስክሩ ሰገባው ጎን ላይ ያየኸው ያ ባዶ ቦይ ነው።

እዚያ ቦይ ውስጥ የሚቀመጠው የብረት ብዕር ነው። ስሪ ላንካ ውስጥ ለብዙ ዘመን የተጻፈው በዘንባባ ቅጠል ላይ ነው። ታሊፖት የሚባል ትልቅ ዘንባባ አለ። ቅጠሉ ይቀቀላል፣ ይደርቃል፣ ይለሰልሳል፣ እኩል እኩል ይቆረጣል። ከዚያ ጸሐፊው እንደ ወስፌ በሾለ ብረት ፊደሉን ይቧጭርበታል። በዚህ ጊዜ ጽሑፉ እምብዛም አይታይም። ከሰል ከሙጫ ዘይት ጋር ተለውሶ ይቀባበትና ተመልሶ ይወለወላል። ጥቁሩ ጭረቱ ውስጥ ብቻ ይቀራል። የሲንሃላ ፊደል እንዲያ ክብ ክብ የሆነው ቀጥ ያለ መስመር ቅጠሉን ስለሚሰነጥቀው ነው ይባላል። ስለዚህ ቢላውና ብዕሩ በአንድ ሰገባ መግባታቸው ለውበት ብቻ አይደለም። ሹሙ በአንዱ ቅጠሉን ያስተካክላል፣ በሌላው ይጽፍበታል። ቢላው የጽሕፈት ዕቃ ጭምር ነበር።

ብዕሩ ከአንተ ዘንድ መጥፋቱ አይግረምህ። ሙሉ ሆኖ የሚገኘው ጥቂቱ ነው። በጊዜ ብዛት ይጠፋል፤ ነጋዴዎችም ለብቻው አውጥተው ይሸጡታል። የሰውየው ስልክ ካለህ ግን ደውለህ ጠይቀው። ጫፉ የሾለ፣ አናቱ ላይ ጌጥ ያለው የብረት ዘንግ ቤታቸው የሆነ መሳቢያ ውስጥ ተጥሎ ሊሆን ይችላል። ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው እንደ ትልቅ ወስፌ ነው የሚያየው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ፤ እኔ በዚህ ቢላ የምደመመው እዚህ ላይ ነው። ፒሃ ኬታ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ብረቱን የሚቀጠቅጠው አንድ ባለሙያ ነው። ብሩንና ነሐሱን የሚሠራው አንጥረኛ ሌላ ነው። ጥርሱን ወይም ቀንዱን የሚቀርጽም አለ፤ የሰገባውን እንጨት የሚጠርብም እንዲሁ። ምርጦቹ የሚወጡት «ፓታል ሃታራ» ከሚባሉት አራቱ የንጉሥ ወርክሾፖች ነበር። አንዱ የጌጣጌጥ፣ አንዱ የዘውድ፣ አንዱ የወርቅ ጎራዴ፣ አንዱ የዙፋን እየተባሉ ይጠሩ ነበር። እዚያ መግባት በዘር ነው፤ ልጅ አባቱን ይተካል። ደሞዝ የለም። ንጉሡ መሬት ይሰጣቸዋል፣ እነሱ በእጃቸው ሥራ ያገለግላሉ። በእኛ ቋንቋ ማደሪያ መሬት ብትለው ከሐሳቡ ብዙም አትርቅም።

ባለሙያዎቹ ናዋንዳና ከሚባለው ወገን ናቸው። እኛ አገር ቀጥቃጩን ቡዳ እያልን ስናርቀው እዚያ አክብረውት ነበር ብዬ ላሞካሽ አልፈልግም። እነሱም ዘንድ የዘር ጣጣ አለ። ናዋንዳናዎች ከገበሬው ወገን ዝቅ ተደርገው ነው የሚታዩት። በራሳቸው መሀልም አንጥረኛው ከቀጥቃጩ ከፍ ይላል። ቢሆንም ጥሩ የሠራ ሰው ከንጉሡ ማዕረግና መሬት ያገኝ ነበር። ይህን ሁሉ በዝርዝር የመዘገበልን ኮሎምቦ የተወለደው አናንዳ ኩማራስዋሚ ነው። ሰውየው በሙያው ጂኦሎጂስት ነው፤ ማዕድን ሊያጠና ተቀጥሮ በገጠሩ ሲዞር የእጅ ባለሙያዎቹ ነገር ያዘውና በ1908 ስለነሱ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ ስለዚህ ቢላ የሚጽፍ ሁሉ ወደ እሱ ይመለሳል።

ስለ ብረቱ ሳላነሳ አላልፍም። ስሪ ላንካ የብረት አገር ናት። ሳማናላዌዋ በሚባል ቦታ አርኪዮሎጂስቷ ጊል ጁሌፍ ያጠናቻቸው ምድጃዎች አሉ፤ ከ7ኛው እስከ 11ኛው ክፍለ ዘመን ይሠራባቸው ነበር። በወናፍ አይደለም የሚነድዱት። ኮረብታው ላይ ወደ ምዕራብ ዞረው ተሠርተዋል፣ የክረምቱ ዝናም ነፋስ ሲመጣ እሱ ራሱ ያራግባቸዋል። ጁሌፍ ያንኑ የመሰለ ምድጃ አሠርታ ሞክራው ጠንካራ ብረት አውጥታበታለች። የአንተ ቢላ ከዚያ ብረት ነው እያልኩህ አይደለም፤ በዘመን ይራራቃሉ። ግን የካንዲ ቀጥቃጭ ከሰማይ የወረደ እንዳልሆነ እንድታውቅ ነው።

በነገራችን ላይ የእኛ ሰዎችም ደሴቲቱን ያውቋት ነበር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ነጋዴ ከሕንድ፣ ከፋርስና ከኢትዮጵያ የሚነሡ መርከቦች እዚያ እንደሚደርሱ ጽፏል። ያው የአዱሊስ ዘመን ነው። ዛሬ ደግሞ ዱባይና ቤይሩት ላይ ተገናኘን።

ወደ ቢላህ ልመለስ። ጥንታዊነቱን ለማወቅ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ጌጡን ነው። እኔ ግን ጌጡን ተወውና መገጣጠሚያውን እይ እልሃለሁ። የተለያዩ እጆች ሥራ የሚገናኝበት ቦታ ነው እውነቱን የሚናገረው። ጌጥ በቅጂ ይሠራል፤ ጥሩ መገጣጠሚያ ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ ለቱሪስት የሚሠራ ሰው ደግሞ ጊዜ የለውም።

ቢላውን መስኮት አጠገብ ይዘህ ብሩና ብረቱ የሚዋሰኑበትን መስመር ተመልከት። የስልክህ ካሜራ አጉሊ ሆኖ ያገለግልሃል። በጥሩው ሥራ ብሩ ብረቱ ላይ አልተለጠፈም፤ ገብቶበታል። ባለሙያው መጀመሪያ ብረቱን በመሮ ይፈለፍለዋል። የጉድጓዱን ግድግዳ ወደ ውስጥ ሸሸት ያደርገዋል፤ አፉ ጠባብ፣ ታቹ ሰፊ ይሆናል። ከዚያ ለስላሳውን ብር አስገብቶ በመዶሻ ይመታዋል። ብሩ ከታች ይሰፋና እዚያው ይነክሳል። ሙጫም ብየዳም አያስፈልገውም። በመጨረሻ በሞረድ ተስተካክሎ ሐረጉ ላዩ ላይ ይቀረጽበታል። ስለዚህ በጣትህ ስትዳስሰው ጠርዙ ጭራሽ አይያዝህም፣ ወይም በዘመን ብዛት ትንሽ ብቻ ይሰማሃል። ጠርዙ ላይ የብየዳ ቅሪት ወይም የደረቀ ሙጫ ካየህ ግን ወይ አዲስ ነው፣ ወይ ሰው አድሶታል። አንዳንዱ ቢላ ላይ ነሐሱ ቅጠል ሆኖ የተለበጠ ነውና በዚህ ብቻ አትፍረድ፤ ልብጡም ቢሆን ጠርዙ ንጹሕ መሆን አለበት።

ቅርጾቹ ራሳቸው የታወቁ ናቸው። ሊያ ዌላ የሚሉት የሚጠማዘዝ ሐረግ አለ። ጠርዝ ጠርዙን የሎተስ አበባ ቅጠል ይሰለፋል። ስለቱ ከእጀታው በሚወጣበት አካባቢ ብዙውን ጊዜ አፉን የከፈተ የተረት አውሬ ራስ ታያለህ፣ ሐረጉም ከአፉ ይፈስሳል። ጥሩው እጅ ሐረጉን ባለው ቦታ ልክ ያስኬደዋል። ቦታው ሲጠብ ቅጠሉም አብሮ ያንሳል፣ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ይታጠፋል። ደካማው እጅ ሐረጉን መሀል ላይ ቆርጦ ያስቀረዋል። ይህን ለማየት ባለሙያ መሆን አይጠበቅብህም።

ቀጥለህ የእጀታውን ጎን እይ። እጀታው ብዙውን ጊዜ የሚሠራው የብረቱን ጭራ ከግራና ከቀኝ በሁለት የጥርስ ወይም የቀንድ ቁራጭ አጣብቆ በመቸንከር ነው። ዙሪያውን የነሐስ ወይም የብር ጥብጣብ ይከበዋል። ጥርስና ቀንድ ከአየሩ ጋር ያብጣሉ፣ ይሸሻሉ፤ ብረት ግን ባለበት ነው። ስለዚህ እውነተኛ አሮጌ እጀታ ላይ በቁራጩና በጥብጣቡ መሀል ፀጉር የምታህል ክፍተት ማግኘት የተለመደ ነው። ከችንካሮቹ የሚነሳ ቀጭን ስንጥቅም ይኖራል። ሁሉም ነገር ዛሬ የተጣበቀ ይመስል ግጥም ያለ ከሆነ ጠርጥር። አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታም ቅርጹ ሟሙቶ፣ ጥጋጥጉ ላይ ግን እንደ ሾለ መሆን አለበት። ሆን ብሎ የሚያስረጅ ሰው ሁሉንም ቦታ እኩል ነው የሚፈትገው።

ክብደቱም ይናገራል። የድሮው ስለት ከጀርባው ወደ አፉ እየሳሳ የሚሄድ ውፍረት አለውና እጅ ላይ ይከብዳል። ለቱሪስት የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ወጥ ላሜራ ነው፣ ነሐሱም በማተሚያ ተመትቶ የወጣ ነው።

ደግሞ አዲስ ሆኖ ቢገኝ አትዘን። ከ1815 በኋላ ንጉሡ ሲጠፋ ባለሙያዎቹ ደንበኛቸውን አጡ። የአገልግሎት ሥርዓቱም በ1830ዎቹ መጀመሪያ ተሻረ። አንዳንዱ እርሻ ገባ፣ ሌላው ለእንግሊዝ ሹማምንትና ለጎብኚ መሥራት ጀመረ። በ1882 የካንዲ የኪነ ጥበብ ማኅበር ሲመሠረት ሙያው እንዳይጠፋ ትንሽ ደገፈው። ዛሬም ካንዲ አጠገብ ካላፑራያ በሚባለው የእጅ ባለሙያዎች መንደር ከአባታቸው የተማሩ ሰዎች ብርና ነሐስ ይቀጠቅጣሉ። ከኮሎምቦ ወደ ካንዲ በሚወስደው መንገድ ፒሊማታላዋ ላይ የነሐስ ሱቅ ተደርድሮ ታገኛለህ። ጓደኛህ «የአባቴ ነው» ካለህ ምናልባት የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ይሆናል። ያ ደግሞ እንደ ሥራው ጥራት እንጂ እንደ ዕድሜው አይናቅም። ደካማ የ18ኛ ክፍለ ዘመን ቢላ አይቻለሁ፤ ከሱ አንድ ጥሩ የ1950ዎቹ ቢላ እመርጣለሁ።

ነጩን እጀታ በተመለከተ የጋለ መርፌ ወግተህ ፈትነው የሚልህ ይኖራል። እንዳታደርገው፤ ጠባሳው አይለቅም። ይልቅ በአጉሊ መነጽር እየው። የዝሆን ጥርስ ከሆነ አግድም በተቆረጠው ገጽ ላይ እርስ በርሳቸው የሚቆራረጡ ቀጫጭን ቅስት መስመሮች ይታያሉ። በርዝመቱ ደግሞ ደብዘዝ ያለ የእንጨት ዓይነት መስመር ይኖረዋል። አጥንት ከሆነ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ጭረት ታያለህ፤ ደም ይሄድባቸው የነበሩ ቀዳዳዎች ናቸው። ፕላስቲክ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነው፣ ከቅርጹ መጋጠሚያም ስፌት የመሰለ መስመር ሊኖረው ይችላል።

ይህ ጉዳይ ለዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ኬላም ላይ ይጠብቅሃል። የዝሆን ጥርስ ከአገር አገር ማዘዋወር በዓለም አቀፍ ስምምነት የታገደ ነው። የዱር እንስሳት ንግድን የሚቆጣጠረውን ያን ስምምነት ኤምሬትስም፣ ስሪ ላንካም፣ ኢትዮጵያም ፈርመዋል። አሮጌ ዕቃ በልዩ ፈቃድ የሚያልፍበት መንገድ አለ፣ ግን ፈቃዱ ከመነሣትህ በፊት በእጅህ መሆን አለበት። «ስጦታ ነው» ማለት አያድንህም። በዚያ ላይ ስሪ ላንካ ጥንታዊ ቅርስ ያለ መንግሥት ፈቃድ እንዳይወጣ የሚከለክል ሕግ ከ1940 ጀምሮ አላት። ስለዚህ ጓደኛህ መቼና እንዴት ይዞት እንደወጣ በጽሑፍ እንዲሰጥህ ጠይቀው። ሁለት መስመርና ፊርማ ይበቃል። ቀንድ ወይም አጥንት ሆኖ ከተገኘ ነገሩ ይቀላል፤ ቢሆንም ከየትኛው እንስሳ እንደሆነ ቢጠየቅ መልስ ይኑርህ። በእጅ ሻንጣ አይታሰብም፤ ስለት ነው። ወደሚጫነው ሻንጣ ከማስገባትህ በፊትም የሁለቱንም አገር ጉምሩክ ጠይቅ።

ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ካልክ፣ ይህ ቢላ አገሮችን ያነጋገረ ዕቃ ነው። በ1765 ሆላንዶች ካንዲን ወርረው ቤተ መንግሥቱን ዘረፉ። እኛ መቅደላ ላይ ያየነውን እነሱ መቶ ዓመት ቀድመው አዩት። ከተዘረፈው ውስጥ ስድስት ዕቃ አምስተርዳም በሚገኘው ራይክስ ሙዚየም ይኖር ነበር፤ አንድ ያጌጠ መድፍ፣ ሁለት ካስታኔ፣ ሁለት ትልልቅ ጠመንጃና አንድ የሲንሃላ ቢላ። የሆላንድ መንግሥት እንዲመለሱ በ2023 ወሰነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኮሎምቦ ብሔራዊ ሙዚየም ገቡ። ጋዜጣው ሁሉ ያወራው ስለ መድፉ ነው። እኔ ግን ቢላው መመለሱን ስሰማ ነው ደስ ያለኝ።

ጽዳቱን ለመጨረሻ ያቆየሁት አጭር ስለሆነ ነው። ሎሚና ኮካ አሲድ ናቸው። ዝገቱን ሲበሉ ብረቱንም ይበላሉ፣ ብሩ ከብረቱ ጋር በሚዋሰንበት ስንጥቅ ገብተውም ከውስጥ ያዝጋሉ። የጥርስ ሳሙናና የብርጭቆ ወረቀት ቅርጹን ይፍቁታል። ብሩ ጥግ ላይ ጠቁሮ ካየህ ተወው፤ ያ ጥቁረት ነው ሐረጉን አጉልቶ የሚያሳየው። ስለቱ ላይ ቀይ ዝገት ካለ ለስላሳ ጨርቅ ላይ ጠብታ የሲንጀር ዘይት አድርገህ በቀስታ ጥረገው፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አብሰው። የወይራ ዘይት አትጠቀም፤ ቆይቶ ይጣበቃል። ጥርሱን ወይም ቀንዱን ውኃ አታስነካው፣ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ብቻ አንሳለት። ኤሲው ፊት ለፊትም ፀሐይ ላይም አታስቀምጠው። ዱባይ ላይ እነዚህ ሁለቱ ናቸው እጀታ የሚሰነጥቁት። ደግሞ ስለቱን ሰገባው ውስጥ ከተህ አታኑረው። እንጨቱ እርጥበት ይይዛል። ለየብቻ ጠቅልለህ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው።

ቁርጡን እንድነግርህ ከፈለግህ አራት ፎቶ ላክልኝ፤ ስለቱን ከጀርባው በኩል፣ ብሩና ብረቱ የሚገናኙበትን በቅርበት፣ የእጀታውን ጎን ከነችንካሮቹ፣ የሰገባውን ቦይ ደግሞ ከአፉ በኩል። ፍላሽ አጥፋ፤ ብሩ ላይ እያንጸባረቀ ምንም አያሳይም። ከጎኑም ማስመሪያ አድርግበት።